የጣት ስፋት

ሲሚንቶ ዝም ይላል እንጂ ደርቆ አያውቅም፤
ከላይ አመድ መስሎ ከታች ባሕር ቢጠጣ፣ ማንም አይጠይቅም።

አጅማን ነው፣ ነሐሴ፤
ደመና የለም፣ ግን ውሃ ይጨመቃል ከሸሚዜ፣ ከራሴ።

የምንኖረው ምድር ቤት፣ ከናጡሩ ክፍል ጎን፤
ባለቤቱ የተሰበረውን ሴራሚክ አስነቅሎ፣ "ለበዓል አድሳለሁ" ካለን
ሁለት በዓል አለፈ፤
ረውዳ መዳህ ጀመረች፣ የስምንት ወር ጉልበቷ ተገፈፈ።

የእንጨት ወለል ማንጠፍ ነው፣ እንጀራዬ ይኸው፤
የሰው ቪላ ሳለብስ፣ የኔው ቤት ራቁት ነው።

ከየሥራው ትራፊ ለቀምኩ።
ከጁመይራ ኦክ፣ ከሻርጃ ዋልነት፣ ጫፉ የተሰነጠቀ፤
ከአንድ መጅሊስ ደግሞ፣ ማዳም "ይሄ የገጠር ቀለም ነው" ብላ የመለሰችው
ግማሽ ካርቶን፣ ላስቲኩ እንኳ ያልወለቀ።
ሻጂ፣ የኬረላው ልጅ፣ በፒክአፑ ጭኖ አመጣልኝ፤
የቤንዚን ብሰጠው፣ "ለሕፃኗ ነው" ብሎ እጁን አጠፈብኝ።

ሰዓዳ አላስችል ብሏት "ዛሬውኑ አንጥፈው" አለች፤
"የሰው ሲሆን ሌሊት ትሠራለህ" ብላ ከንፈሯን ነከሰች።

ቆይ፣ አልኳት። እንጨት እንግዳ ነው።
ካርቶኑን ፈተን፣ ክፍሉ መሀል ጠላልፈን፣ ሦስት ቀን እናሳድረው፤
የኛን አየር ይተንፍስ፣ የኛን ሙቀት ይልመድ፤
ሳይለምድ ያነጠፉት ሻኛ ያወጣል እንደ ግመል፣ አይሆንም ለመራመድ።

ሲሚንቶውም ይጠየቅ።
አንድ ክንድ ላስቲክ ቆርጬ አራት ጠርዙን በቴፕ አሸግኩት፤
"ላብ ካለህ አውጣው" ብዬ ሁለት ሌሊት ተውኩት።
በሦስተኛው ንጋት ሰዓዳ ቀደመችኝ፤ ተንበርክካ፣
መዳፏን ላስቲኩ ላይ አድርጋ፣ የታመመ ልጅ ግንባር እንደምትለካ።
ከሥሩ ጠብታ ነበር።
"ያለቅሳል" አለች።
"ያልበዋል" አልኳት።
ልዩነቱ አልገባኝም፣ እስካሁን ባሰላስለው።

ያን ጠዋት ነገረችኝ፣ በአምስት ዓመት ትዳር ያልሰማሁትን።
ራስ አልኸይማ፣ ዕቃ ቤት፣ በሩዝ ጆንያና በውሃ ታንከር መሀል ሦስት ዓመት መተኛቷን፤
"ጠዋት ፍራሹን ሳነሣ፣ ወለሉ ላይ እርጥብ የሰው ቅርጽ ይቀር ነበር፤
አፍሬ በጨርቅ እጠርገው ነበር፣ የኔ ላብ እየመሰለኝ።
ለካ እሱም ያልበው ነበር።"

ምን ይባላል? ዝም ብዬ
ጥቁሩን ላስቲክ ዘረጋሁ፣ ስንዝር በስንዝር ደራርቤ፣
ሁለት ጊዜ፤ ሙያው አንዴ ይበቃል ቢልም፣ እምቢ ብሎ ልቤ።
ከላዩ ስስ ስፖንጅ። ከዚያ ሳንቃውን፣
አንዱን ባንዱ ጥርስ አጥምጄ፣ በቁራጭ እንጨት አስታክኬ መታሁት፤
ሚስማር የለ፣ ማጣበቂያ የለ፤ እንደ ጀልባ ነው የተውኩት።

ጉል ዛማን፣ ናጡሩ፣ ከበሩ ላይ ቆሞ ያያል።
"ባለቤቱ ቢያስወጣችሁስ?"
"ሳንቃ በሳንቃ ይነሣል።"
"ግድግዳው ጋ ምነው ጎደለ? ልኬት ተሳስተሃል።"
"አልተሳሳትኩም። የጣት ስፋት ነው፤ እንጨት ሲሞቀው ያብጣል፤
መንፈራገጫ ከነፈግከው፣ ወገቡን ራሱ ይሰብራል።"
ጉል ዛማን አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው እዚህ። ክፍተቱን በጣቱ ለካ፣
ለካና፣ ሳይሰናበት ሄደ።

ማታ ረውዳን ለቀቅናት።
ከጁመይራው ኦክ ተነሥታ፣
የሻርጃውን ዋልነት አቋርጣ፣ የማዳምን "ገጠር" በለሃጯ አጥባ፣
ኬላ ሳትጠየቅ ግድግዳው ጋ ደረሰች፤ የሸሚዜን ቁልፍ ከየት እንደሁ አምጥታ
በክፍተቱ ሰደደችው።

ጠርዙን መሸፈን ነበረብኝ፤ ለዓርብ አሳድሬው ነው።
ቁልፉ ታች ሲያርፍ፣ ቀጭን ድምፅ፣ ሦስታችንም ሰማነው።
ላወጣው ሽቦ ስፈልግ፣ ሰዓዳ ጆሮዋን ሳንቃው ላይ ጣለች፤
"ተወው፣ እሱም የሆነ ነገር ይኑረው" አለች።